ዘር ሲቆጠር ያልተነሡት ወንድሞቻችን

ይድረስ ሎጊያ ላለችው እህቴ ለትርንጎ አዳነ

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ ብለሽኝ ነበር፤ ትንሽ ጎደለልሽ ወይ? እህል ይወርድልሻል? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳስ እንዴት ነው፣ ዛሬም መራገጡን አልተወም? ባለቤትሽ ደሴስ ከጅቡቲ መንገድ በደህና ይመላለሳል? አማትሽ እማማ ሙሉስ የቆላውን አየር ለመዱት ወይስ አሁንም የእስቴን ብርድ ይናፍቃሉ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። እማዬን ጉንፋን ጥሏት ነበር፣ ተነሥታለች። ትንሹ ወንድማችን ባምላኩ ጉልበቱ ተሽሎት ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የምደብቅሽ ነገር እንዲኖር ስላልፈለግሁ ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አስጻፈሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስደውል አንድ ቀን ኔትወርኩ የለም፣ ሲገኝም ስልክሽን የሚያነሡት እማማ ሙሉ ናቸው። አንቺ ስታነሺው ደግሞ ድምፁን ለቀሽው ቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው የምናወራው። ይህ እንዲያ ሆኖ የሚወራ ነገር አይደለም። የደሴ ባልንጀራ ሾፌሩ አለሙ ከጎንደር ጭኖ ሲመለስ ደብረ ታቦር እንደሚያርፍ ሰማሁና በእሱ እጅ ላክሁልሽ። ለእሷ ብቻ፣ በእጇ ስጣት አልሁት። «ምነው፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ ነው ብዬዋለሁ። እባክሽ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ መሐል ላይ አቁመሽ እንዳታለቅሺ። መላ የሚባለው ነገር መጨረሻው ላይ ነው ያለው።

ነገሩ የጀመረው በባምላኩ ጉልበት ነው። መስከረም ላይ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ጉልበቱ አብጦ ገባ። እማዬ ወድቀህ ነው? ብትለው አልወደቅሁም፣ ተደባድበህ ነው? ብትለው አልተደባደብሁም አላት። ያው እኛ አገር ጉልበት ያበጠ ሁሉ ቁርጥማት ነው፤ እማዬም ቁርጥማት ነው አለች፣ ጎረቤቱም አብሮ ፈረደ። ይዛው ወንዛዬ ወረደች። ጠዋትና ማታ ፍል ውኃው ውስጥ ነከረችው፤ እጇ ደህና ነው የተባለች ሴት ፈልጋም በቅቤ አሳሸችው። ሌላው ሰው ቀሎት ሲወጣ የእኛ ልጅ ጉልበት እንደ ቅል እያበጠ ሄደ። «ውኃው በሽታውን እየጎተተ እያወጣው ነው» ብለው ሲመክሯት ጊዜ ጨመረችለት። ሰው አዝሎት ደብረ ታቦር እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ሲያመጡት ከሕመሙ ብዛት ማልቀስም ትቶ ነበር።

እዚያ ያየችው ዶክተር ፍቅርተ ናት። ወጣት ናት፣ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ግን ዓይኗ አይስትም። ጉልበቱን አይታ እማዬን ስለ ጥርሱ ጠየቀቻት። እማዬ ግራ ገብቷት «ጉልበቱን ነው ያመመው፣ ጥርሱ ምን አደረገሽ?» አለቻት። በኋላ ግን የወተት ጥርሱ ሲወልቅ ትራሱ እስኪርስ ድረስ ሲደማ እንደሚያድር፣ ይህም የልጅ ደም ቀጭን ስለሆነ እንደሆነ አስረዳቻት። ደሙ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሄሞፊሊያ የሚባል የደም ሕመም ነው ተባለ።

እንዲህ ነው እታለም። ሰው ሲቆረጥ ደሙ የሚረጋው በውስጡ የሚያረጉት ነገሮች ስላሉ ነው። በባምላኩ ደም ውስጥ ከእነዚያ አንዱ ጎድሏል። ጉልበቱን ያሳበጠውም ወደ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር፤ ሙቀቱና መታሸቱ ደግሞ አባሰው። እማዬ ይህን ከየት ታውቀዋለች? መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን መጥቶለት እብጠቱ ጎደለ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል። ይህ ሕመም ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ነው። ሴቶች ሳያውቁት ይሸከሙታል፤ የሚታመሙበት ግን ወንዶች ልጆቻቸው ናቸው።

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢያት።

ዶክተር ፍቅርተ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን በደቡብ ጎንደር እየፈለገች የምታጠናው ጥናት አላት። አገሩንም ላብራቶሪውንም ታውቂያለሽ ብላ አብረሽኝ ሥሪ ስትለኝ ደስታዬን አልነግርሽም፤ ከተመረቅሁ ጀምሮ ስመኘው የኖርሁት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሥራዬም የራሳችንን ቤት የዘር ሐረግ መሣል ሆነ። ማን ማንን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን በልጅነቱ ሞተ። ለዚህ ደግሞ ከአያ ሙላቴ ሌላ ማን አለ? ከጉና እስከ ገሳይ ሰው ሊጋባ ሲል ዝምድና እንዳይነካካ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው አይደሉ? የእማዬ አጎትም ስለሆኑ የእኛን ቤት አይሳሳቱም ብዬ በገበያ ቀን ገሳይ ሄጄ አገኘኋቸው።

ገና ወረቀቴን ሳወጣ «ኧረ እልል! ማነው ዕድለኛው?» አሉ፣ ገበያው ሁሉ እስኪዞር ድረስ። ለጋብቻ አይደለም፣ ለጥናት ነው ብላቸው «ባል ሳይኖር ዘር የምታስቆጥር የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁብኝ። ግን ቆጠሩልኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከእማዬ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አያቷ እያሉ አንድም ሳይደናቀፉ ወረዱ። ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ወንድ ልጅ አለ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው የለም አሉኝ። መጀመሪያ ነገር ወንድ መች በዝቶ! «የእናትሽ ወገን የሴት ቤት ነው። እግዜር ወንድ ሲያድል ይዞር ይዞርና እኛ ደጅ ሲደርስ ከረጢቱ ያልቅበታል» አሉኝ።

ዶክተር ፍቅርተ የሣልሁትን አይታ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ በዘር ሳይኖር በአንድ ልጅ ላይ እንደሚጀምር፣ ምናልባትም ባምላኩ እንዲያ እንደሆነ ነገረችኝ። እውነት ከሆነ እማዬም አንቺም እኔም ነፃ ነን ማለት ነው። ያኔ ነበር አንቺ ደውለሽ በአልትራሳውንድ ወንድ ነው መባልሽን ከእኛ ቤት ለእኔ ብቻ የነገርሽኝ። አብሬሽ እልል ያልሁት ከልቤ ነበር።

ጥር ላይ የደም ሕመም ባለሙያዎች ስብሰባ ባሕር ዳር ነበረ። ዶክተር ፍቅርተ ይዛኝ ሄደች። እታለም፣ ብታዪኝ ኖሮ! ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የሰው ጫማ ተውሼ፣ ከአዲስ አበባና ከመቀሌ፣ ከውጭ አገርም ከመጡ ሐኪሞች መሐል ቆሜ። የጥናታችንን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሰው ሲመጣ እኔ አስረዳለሁ፤ የእኛ ቤት ሐረግም ያለ ስም እዚያው ላይ አለ። ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ ነው የምትሣለው። የታመመ ሰው ይጠቆራል። በእኛ ሐረግ ላይ የጠቆረው ባምላኩ ብቻ ነው። ሰው እየሰማኝ ነበር፤ ለካ እኔም እችላለሁ እያልሁ ነበር።

አንድ ሸበቶ ሐኪም መጥተው ወረቀቱ ፊት ብዙ ቆሙ። «ልጄ፣ ይህን ማን ቆጠረልሽ?» አሉኝ። እኔም በኩራት ስለ አያ ሙላቴ አወራሁላቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ክብ እየወሰዱ «አያትየዋ የወለደቻቸው ሴት፣ ሴት፣ ሴት። እናትየዋ ሴት፣ ሴት፣ በመጨረሻ ይህ ልጅ። ወንዶቹስ?» አሉኝ። ቤታችን የሴት ቤት ነው ብዬ የአያ ሙላቴን ቀልድ ልደግምላቸው አፌን ስከፍት ፊታቸውን አየሁት። አይስቁም። «እስቲ ተመልሰሽ ጠይቂ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አዳራሽ ገብቼ ተቀመጥሁ እንጂ ጆሮዬ አልነበረም። አንዲት ሐኪም መድረክ ላይ ወጥታ ይህ ሕመም በአገራችን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ግርዛት ላይ እንደሆነ ስትናገር ነው የነቃሁት። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። በዚህ መሐል የሞተ ልጅ ማን ይባላል? የክርስትና ስም የለው፣ ክርስትና አባት የለው፣ ተዝካር የለው። አያ ሙላቴ ደግሞ የሚቆጥሩት በስም ነው።

ወጥቼ ደወልሁላቸው። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ልጅ ይቆጥራሉ ወይ አልኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ስም የሌለውን በማን ብዬ ልጥራው?» አሉኝ። ቢሆንም ነበረ ወይ አልኋቸው። ከዚያ ድምፃቸው ቀዝቅዞ «እሱ የሴቶች ጉዳይ ነው። እናትሽን ጠይቂ» ብለው ዘጉት። እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ አልሁ። ያን ጊዜ የመጣብኝ እማዬ አልነበረችም፣ አንቺ ነሽ። ገሳይ ላይ መንጋጋሽን ያስነቀልሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ደሙ አልቆም ብሎሽ ነጠላሽን ሁሉ አጥበን አጥበን የጣልነው? ሁላችንም ነቃዩን ነበር የረገምነው።

ከባሕር ዳር በቀጥታ ወደ ቤት ሄድሁ። መንገዱ እንደምታውቂው ነው፤ መኪና ውስጥ ማንም ማንንም አያወራም፣ ሰው መስኮት መስኮቱን ነው የሚያይ። ገሳይ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። እማዬ ከደጅ ተቀምጣ የድንች ዘር ትመርጣለች። ስማኝ፣ ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት እየመረጥሁ ጠየቅኋት።

«ምን ወንዶች?» አለችኝ መጀመሪያ። ከዚያ «ማነው የነገረሽ? አያ ሙላቴ ናቸው?» አለች። ከዚያ ድንቹን እየመረጠች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ነገረችኝ።

ሁለት ወንድሞች ነበሩን። አንዱ ካንቺ በፊት፣ አንዱ በአንቺና በእኔ መሐል። የመጀመሪያው ተገርዞ ደሙ አልቆም አለ፤ አመድ ነሰነሱበት፣ ቅጠል አሰሩበት፣ ጸበል ረጩት፤ በእቅፏ ሆኖ እየነጣ አለቀ። የገራዡ እጅ ክፉ ነው ተባለ። ለሁለተኛው ጊዜ አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እጁ የተመሰገነ ሌላ ገራዥ ከጋይንት ድረስ አስመጡ። እሱም እንደዚያው ሆነ። አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ ሳል ወሰደው ብለው ነግረውሻል። ሁለቱም ከጓሮ ከኮሶው ሥር ናቸው። አባባ ያን ኮሶ ለቤት ልቁረጠው ባሉ ጊዜ እማዬ አካባቢው እስኪሰማ የተጣላቻቸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባሽ? እኔም ገና አሁን ነው የገባኝ። የእሷም እናት እንዲሁ ወንዶች ልጆች አጥታለች። ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። እርስ በርሳቸውም አያወሩትም።

ባምላኩስ እንዴት ተረፈ? ብዬ ጠየቅኋት። እዚህ ላይ ድንቹን አስቀመጠችው። እታለም፣ ይህን የምነግርሽ እማዬ ፈቅዳልኝ ነው፤ ለልጁ ክብር ስትዪ ከደሴና ከእማማ ሙሉ በቀር ለማንም አታውሪው። ባምላኩ አልተገረዘም። ሲወለድ ታሟል ብላ አዘገየችው፤ በኋላ ደብረ ታቦር ወስጄ በሐኪም አስገርዤዋለሁ ብላ ለአባባም ለነፍስ አባቷም ዋሸች። እስካሁን ገላውን የምታጥበው ራሷ ናት፤ ከልጆች ጋር ወንዝ ገብቶ እንዲዋኝ አትፈቅድለትም። የማስገርዘው ከሆነ ይሞትብኛል፣ ካላስገረዝሁት ይሰድቡብኛል ብላ፣ ስድቡን መርጣ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖረች። ፍል ውኃው ጋ እንኳ በነጠላ ጋርዳው ነበር የነከረችው።

ከዚያ ለምናኝ ነበር። ለትርንጎ እንዳትጽፊ አለችኝ። ስንት ዓመት ልጅ አጥታ በስንት ስለት ያገኘችውን፣ ትዳሯን ታፈርሻለሽ አለችኝ። የእስቴ ሰዎች ደሙ የማይቆም ዘር አገባን ይላሉ፣ እኅትሽን መልሰው ይልኩልሻል አለች። እንዲያውም ሴት ልጅ ትወልድ ይሆናል፣ ምን አስቸኮለሽ? አለችኝ።

ወንድ ነው አልኋት። ተመርምራ ነግራኛለች አልኋት።

ቀና ብላ ያየችኝ ያኔ ነው።   እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን «መቼ ነው የምትወልደው?» አለችኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ነው ብያት በጣቷ ቆጠረችና «ስምንተኛው ቀን ከልደታ ወዲያ ይውላል» አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው። እማዬን እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ አባባ የሞቱ ዕለትም እንዲያ አልሆነችም። ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ባምላኩን ለጎረቤት አደራ ብላ «ተነሺ፣ ሐኪሟ ጋ ውሰጂኝ» አለችኝ።

ዶክተር ፍቅርተ ሁሉንም ከሰማች በኋላ እማዬ ሕመሙን ለመሸከሟ ምንም ጥርጥር የለውም አለች። አንቺና እኔ ግን፣ እያንዳንዳችን፣ ወይ ተሸክመነዋል ወይ አልተሸከምነውም፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። አንቺ ተሸክመሽው ከሆነ ልጅሽም እንደዚያው እኩል በእኩል ነው። ስለዚህ ልጁ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ለራሴ በየቀኑ እየደጋገምሁ እላለሁ፤ ከዚያ ያ መንጋጋሽ ትዝ ይለኛል። የእኔም ደም ከእማዬ ደም ጋር አዲስ አበባ ተልኳል። በሥራዬ የሰው ደም በቀን ስንቱን እመረምራለሁ፤ የራሴ ሲቀዳ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ውጤቱ አልመጣም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ሎጊያ ላይ አትውለጂ። እኒያ ሸበቶ ሐኪም ለዶክተር ፍቅርተ ስልካቸውን ሰጥተዋት ነበርና ስለ አንቺ ነግራቸዋለች፤ አዲስ አበባ ከመጣሽ ራሳቸው ይከታተሉሻል፣ መድኃኒቱም እዚያ ነው በቀላሉ የሚገኘው። ሆድሽ ሳይከብድ፣ ይህ ወር ሳያልቅ ውጪ። የአባባ ወገን ኤሌኒ አዲስ አበባ ያላት አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋዬን ለእሷ እለቃለሁ፣ እኔ መሬት እተኛለሁ፣ ብቻ ሲያምጣት አትጩህብኝ ብላለች። አዋላጆቹ ሁሉን ነገር አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ልጁን በመሣሪያ ስበው እንዳያወጡት፣ መርፌም እንዲሁ ዘለው እንዳይወጉት። ሲወለድ ከእትብቱ ደም ይወሰዳል፤ ከዚያ እናውቃለን። አንቺም ራስሽ ከወለድሽ በኋላ ደም ሊበዛብሽ ይችላል፤ ሁሉም ሴት እንዲህ ይሆናል ብለሽ ዝም እንዳትዪ።

እስኪታወቅ ድረስ ደግሞ ምላጭ የሚባል ነገር ልጁን አይንካው። ግርዛቱም፣ እንጥል መቁረጡም፣ ዋግምቱም ይቅር። ባለፈው እማማ ሙሉ ስልኩን ሲያነሡ በደስታ ያወሩኝ እኮ ይህን ነው፤ ሎጊያ ካሉት የአገራችን ሰዎች መሐል እጁ የተባረከ ገራዥ አግኝቻለሁ፣ ከወዲሁ ነግሬዋለሁ አሉኝ። እኔ አዎ እማማ፣ እሺ እማማ ብዬ ዘጋሁት። ያን ዕለት ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥሁት።

ለደሴ ንገሪው እታለም። አንቺን መምከር የእኔ ዕድሜ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። እሱ ቢርቅሽስ ብዬ እኔም እፈራለሁ። ግን ሳይነገረው ስምንተኛው ቀን ቢደርስስ? ማን ያስቆማል? አንቺ አራስ ነሽ፣ ከመኝታሽ አትነሺ፤ እኔ ጉና ሥር ነኝ። ደሴ መኪናውን ቁልቁለት ከማስገባቱ በፊት ፍሬኑን ሁለቴ የሚያይ ሰው ነው፤ ቀድሞ የተነገረው ነገር አያስበረግገውም ብዬ አምናለሁ። አሁን ለእሱ የሚነገረው ስለ አንቺ ነውር አይደለም፤ ስለ ልጁ ነው።

ስለ እኔ ሌላ ወሬ ብትጠይቂኝ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሐረጉን አስተካክለን እንድናቀርበው ዶክተር ፍቅርተ እማዬን ፈቃድ ጠየቀቻት። ስማቸው አይጻፍም ብላ ስታረጋግጥላት እማዬ ሳቀች። «ምን ስም አላቸውና ትጽፊዋለሽ?» አለቻት። ከዚያ ግን ጻፉት አለች፤ ሌላዋም እናት ትወቅ አለች። ስለዚህ ሁለት አራት ማዕዘኖች በአንቺ ግራና ቀኝ ሣልሁ። እጄ ላይ ያለው ሥራ ከዚህ ሲበልጥ ይታየኛል፤ እዚህ ደጋ ላይ የሴት ቤት የሚባሉ ስንት ቤቶች እንዳሉ አያ ሙላቴ ጭምር እየቆጠሩልኝ ነው። አሁን ሳይቆጡኝ ነው የሚቆጥሩት። ይህንኑ ትምህርት ልቀጥልበት እፈልጋለሁ። እንዲህ እየፈራሁ መፈለጌ ለራሴም ይገርመኛል።

በይ እንግዲህ፣ የሰው ሰላምታ ይድረስሽ። ባምላኩ አጎት ልሆን ስለሆነ ቆላ ወርጄ ግመል አያለሁ፣ ግመል ላይ አስቀምጪኝ ይላል፤ ከግመል ላይ ቢወድቅ ለእሱ አደጋ እንደሆነ አስረዳሁት፣ አኩርፎኛል። አያ ሙላቴ በእግዚአብሔር ስም ሰላም ብለውሻል፤ የሚወለደውን ልጅ ከመጀመሪያው ቀኑ ጀምሬ እቆጥረዋለሁ በያት ብለውኛል። ኤሌኒ አልጋው እየጠበቀሽ ነው ትላለች። ለደሴ በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ አማችህ ሕይወት አደራ ብላሃለች በይው።

እማዬ ደግሞ ሰላምታዋን ከአንቺ ይልቅ ለእማማ ሙሉ ነው የላከችው። አጠገቤ ተቀምጣ፣ እንዳለችው አንድም ቃል ሳልለውጥ እንድጽፍ አስምላኛለችና እንዳለ አንብቢላቸው። «እመት ሙሉ፣ እንደምን ሰንብተዋል። እኔ የትርንጎ እናት ነኝ። ሁለት ወንዶች ልጆቼን ታቅፌ አስገርዣለሁ፤ ሁለቱም እዚያው እቅፌ ላይ አለቁ። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር፣ አልነገርኋትም፤ ደብቃ ልጅዎን አላገባችም። ያን ገራዥ ይመልሱት። ሰው ለምን ብሎ ከጠየቀዎት በእኔ ያሳብቡ፤ ከእናቷ የመጣ ነው ይበሉ፣ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ይበሉት፣ እኔ አልቀየምም። እኔ ሁለት ጊዜ ዝም ብያለሁ። እርስዎ ልጁን ብቻ ያቆዩልኝ።»

እህትሽ ሕይወት አዳነ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.